የሁለቴ ሦስተኛው ቅጂ

«ዲስክ ነው እንዴ?» አለ ሾፌሩ፣ ሊያነሣው የነበረውን ወንበር መልሶ እያስቀመጠ። «እኔ እኮ ሳንባ ነው ሲባል ነበር የሰማሁት።»

«ሳንባው ኋላ የመጣ ነው» አሉ የሟች አክስት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። የእሳቸው ዝቅ ያለ ድምፅ ሦስት ረድፍ ወንበር ያልፋል። «አሁን በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። ያ መላጣው ሐኪም ከልጅቱ ጋር ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ ‹ሁለቱም ዲስክ ሞቷል፤ ቀደም ብሎ ቢመጣልኝ ኖሮ የሆነ ነገር አደርግ ነበር› አላት። ልጅቱ ክው ብላ ቀረች።»

ሾፌሩ እጁን ወገቡ ላይ ጫን አደረገ። ሃያ ሁለት ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ሰው ነው፤ እሱም ዲስክ አለበት። «ከበድ ያለ ነገር እንዳታነሣ» ተብሎ ሳለ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለለቅሶተኛው ወንበር ሲያመላልስ ውሏል። አሁን ግን ወንበሩን በእግሩ ጫፍ ገፋ አድርጎ ተወው።

«አንድ ሰው ስንት ዲስክ ነው ያለው?» አለ።

«እኔ ምን አውቄ። የሱ ግን ሁለት ነበር መሰለኝ።»

ወሬው ከግቢ ተነሥቶ ሳሎን ለመድረስ አንድ ብርጭቆ ሻይ የሚጠጣበትን ያህል እንኳ አልፈጀበትም። «ሳንባው» እያሉ የገቡ ሰዎች «ወገቡ» እያሉ ወጡ። ሶፋው ላይ ተንጋለው የነበሩ ሁለት ጎልማሶች ቀጥ ብለው ተቀመጡ። በመጨረሻ አንዲት ጎረቤት ከሟች ሚስት አጠገብ ተቀምጣ እጇን ያዘችና፣

«ዲስክ ክፉ ነው፤ ሰው ግን ይንቀዋል» አለቻት። «ምን ታደርጊዋለሽ። አንቺ የምትችዪውን አድርገሻል።»

የሟች ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። ሦስት ቀን ሙሉ «በርቺ» ሲሏት «እሺ»፣ «ቅመሺ» ሲሏት «ቀምሻለሁ» እያለች ምንጣፉን ብቻ ስታይ ሰንብታለች። አሁን ግን ቀና ብላ የጎረቤቷን ፊት አየች።

«ዲስኩን ማን ነገረሽ?» አለች።

«ሁሉም እኮ እያወራው ነው።»

ልብስ ሰፊዋ እጇን አስለቅቃ ተነሣች። ሁለት ሳምንት ያህል በሆዷ የያዘችውን ነገር ሰው ሁሉ አውቆት ከሆነ፣ እዚያ ተቀምጣ መጽናናት ሌብነት መሰላት።

ባሏን ሰፈሩ «ሁለቴ» ይለው ነበር። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በየሰው ደጃፍ ተንበርክኮ ቁጥር ሲያነብ ኖሯል። አንብቦ ይጽፋል፣ በሩን ወጥቶ ጥቂት ይራመዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ደግሞ ያነባል። ቆጣሪው በመሃል የሚዋሽ ይመስለዋል። ቁልፍ ሁለት፣ መነጽር ሁለት፣ ጃንጥላ ሁለት ነበረው። ሊያገባት ሲጠይቃት እንኳ «እሺ» ብላው፣ ሄዶ ሄዶ ከመንገድ ተመልሶ፣ «እሺ ነው አይደል ያልሽው?» ብሏታል። እሷ ደግሞ አንዴ የተናገረችውን የማትደግም ሴት ናት። «ጆሮህን አስመርምር» ነበር መልሷ። ስለዚህ ሁለቱ ተስማምተው ኖሩ፤ እሷ አንዴ ትናገራለች፣ እሱ ሁለቴ ይሰማል። ከቀብር ሲመለሱ ሾፌሩ፣ «ሁሉን ነገር ሁለቴ የሚያደርግ ሰው እንዴት አንዴ ሞቶ ይቀራል?» ሲል፣ የሳቁትም ያለቀሱትም እኩል ነበሩ።

ሁለት ሁለት ያልነበረው ነገር ካልሲ ብቻ ነው። ካልሲው በየጊዜው አንድ እግሩ ይጠፋል። ልብስ ሰፊዋ ጨርቅ መጣል ስለማይሆንላት፣ ብቻቸውን የቀሩትን በአንድ ከረጢት ታጠራቅማለች። «እግርህን በየሰው ቤት እየተውክ ነው የምትመጣው?» ትለዋለች። እሱም፣ «ቆጣሪ ሳነብ ወልቆ ይሆናል» ይላታል።

ኮሪደሩ ላይ ልጇንና መላጣውን ሰውዬ አገኘቻቸው። ሰውዬው ሐኪም አይደለም፤ ከዋናው መንገድ ማዶ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ነው። ግራጫ የሥራ ካፖርቱን እንደለበሰ ነበር የመጣው። የሁለቴ ኮምፒውተር እግሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጧል።

«ለሰው ያወራው ማነው?» አለች።

«ምኑን?» አለች ልጇ።

«ዲስኩን።»

ልጅቱና ጠጋኙ ተያዩ። አክስትየዋ ከኋላ ደረሱ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ ጠጋኙን። «ይኼ ዲስክ በዘር ይተላለፋል?»

ጠጋኙ ሙያውን የሚያከብር ሰው ነው፤ ጥያቄ ሲጠየቅ ያስባል። «በዘር እንኳ አይደለም፣ እማማ» አለ። «ኃይል ሲበዛበት ነው።»

«አላልኩም?» አሉ አክስትየዋ። «ሸክም ነው።» ብለው ሊነግሩ ወደ ሾፌሩ ሄዱ።

ልጅቱ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፤ ከሦስት ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ነው። እናትየው ግን አልሳቀችም። ግድግዳውን ተደግፋ ትንፋሿን ለቀቀች። አልታወቀም። አለመታወቁ ደግሞ እንዳሰበችው አላቀለላትም።

«እትዬ፣ አዝናለሁ» አለ ጠጋኙ። «ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውም፣ ለቅጂ ብሎ ከውጭ የሚሰካውም አብረው ተቃጥለዋል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ከፍተኛ ኃይል ገብቶባቸዋል። የገረመኝ አብረው ተሰክተው መገኘታቸው ነው። ጋሼ ሁለቴ ሰክቶ የሚተው ሰው አልነበረም።»

«አባዬ ሆስፒታል እያለ ማን ይነካዋል?» አለች ልጅቱ።

«ሻይ ጠጣ» አለች ልብስ ሰፊዋ ጠጋኙን።

ሁለቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅጂ ያደርግ ነበር። የእሱን፣ የእሷንና የልጁን ስልክ ሰብስቦ ፎቶውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተሩ ይገለብጣል፣ ስልኩን ባዶ አድርጎ ይመልሳል። «ስልክ ኪስ ነው፤ ኪስ ይቀደዳል» ይላል። ከኮምፒውተሩ ደግሞ ወደ ዲስኩ ገልብጦ፣ ነቅሎ፣ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፍበታል። ሲታመም ያሳሰበው ይኼው ነበር። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ፣ አፍንጫው ላይ የኦክሲጅን ቱቦ ተደርጎ፣ ገና ስትገባ «ቅዳሜውን አደረግሽ?» ይላታል። መርፌና መቀስ እንጂ ሽቦ የማታውቀው ሴት በሦስተኛው ቅዳሜ ወሰነች። ዲስኩን አውጥታ ሰካችው፤ ሲያደርግ አይታው የምታውቀውን ቁልፍ ነካች፤ ገና መገልበጥ ሲጀምር መብራት ጠፋ። ጠበቀች። የመጠየቂያ ሰዓት ሲደርስባት እንደተሰካ ትታው ወጣች። ስትመለስ መብራቱ መጥቷል፤ ክፍሉ ካውያ ሥር ተረስቶ እንደቆየ ጨርቅ ይሸታል።

በማግስቱ «ቅዳሜውን አደረግሽ?» አላት።

«አድርጌያለሁ» አለች።

ዝም ብሎ አያት።

«አድርጌያለሁ» አለች።

ዓይኑን ጨፈነ። በዘጠነኛው ቀን ሞተ።

ፎቶውን የፈለገችው ለግድግዳ አይደለም። ከቀብሩ ወዲህ ፊቱን ለማስታወስ ስትሞክር ያ ቱቦ ይመጣባታል፤ የጎደጎዱት ጉንጮች፣ የደረቀው ከንፈር። ከሠላሳ ዓመት ውስጥ አምስቱ ሳምንት ብቻ ነው የተረፋት። መታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ ፖሊስ የሚፈልገው ሰው ያስመስለዋል። ዘመድ ዘንድ ያለው ፎቶ ሁሉ ደግሞ እሱ ያነሣው ስለሆነ፣ እሱ አንዱም ላይ የለም፤ ቢኖር ጥላው ነው። ጠጋኙን ያስጠራችው ለዚህ ነበር።

ጠጋኙ ሻዩን ጨርሶ ኮምፒውተሩን ሲያነሣ፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አየ። በሁለቴ የቆጣሪ አንባቢ እጅ፣ ፊደሉ ሁሉ ለየብቻው ቆሞ ተጽፏል። ጠጋኙ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

«ሦስት ቦታ። ሁለት ዓይነት። አንዱ ከቤት ውጭ።» ቀና አለ። «እትዬ፣ ይኼ የቅጂ ሕግ ነው፤ ሁለቱን አይቻለሁ። ሦስተኛውስ?»

ወረቀቱን አቧራ ስትጠርግ ስንቴ አይታዋለች። የቆጣሪ ነገር ነበር የሚመስላት።

በአራተኛው ቀን ፍለጋ ሆነ። ልጅቱ ወደምትሠራበት ፋርማሲ ደወለች፤ አባቷ እዚያ ያስቀመጠው ነገር የለም። የሥራ ባልደረቦቹ ለለቅሶ ሲመጡ ተጠየቁ፤ የለም። አክስትየዋም ተጠየቁ።

«ሁለቴ እናንተ ዘንድ ያስቀመጠው ዲስክ አለ?» አለቻቸው ልጅቱ።

«እኔ ዘንድ?» አሉ። «እኔን እኮ የሚያመኝ ጉልበቴን ነው።»

ልብስ ሰፊዋ በመስኮት ግቢውን ታያለች። ከበሩ አጠገብ፣ ሰው ሁሉ ጫማውን አራግፎ የሚያልፍበት ቦታ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ አናጢው ተቀምጧል። የሁለቴ ታናሽ ወንድም ነው። ጠዋት ከሰው ሁሉ በፊት ይመጣል፣ ማታ ከሰው ሁሉ በኋላ ይሄዳል፤ ካፖርቱን ሙቀት ሲሆንም አያወልቅም፤ ደረጃውን ግን አይወጣም። ዘጠኝ ዓመት ሆነው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ኮምፒውተሩ ዘግይቶ ዘግይቶ ሰው አሰልችቶ ነበር። አናጢው የሦስት ሳምንት ኮርስ ወስዶ፣ ምስክር ወረቀቱን አንጠልጥሎ ለማሳየት ምክንያት ይፈልጋል። «እኔ አጸዳዋለሁ» አለ። ማሽኑ አንድ ጥያቄ ጠየቀው፤ «ሁሉም ይጥፋ?» የሚል። አናጢው ቫይረሱን መሰለው። «አዎ» አለ። ሠርጉ ጠፋ። ልጅቱ ከተወለደች ጀምሮ እስከ አሥራ ሰባት ዓመቷ ያለው ሁሉ ጠፋ፤ ጥርስ ስታበቅል፣ ስትድህ፣ የአባቷን ቦት ጫማ አድርጋ ስትቆም። ልጅቱ ዛሬም ድረስ «እኔ የተወለድኩት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው» እያለች ትቀልዳለች።

ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን አልጮኸችም። «ያንተ እጅ ከእንጨት ሌላ አይንካ» አለችው። «ከዚህ በር ወዲህም አትምጣ።» አንዴ ነው ያለችው፤ አንዴ የተናገረችውን ደግሞ አትደግምም፣ አታነሣም። ሁለቴም አልተከራከራትም። ወንድሙን በዚያ ቤት ውስጥ ዳግመኛ በስሙ አልጠራውም። ከያኔ ጀምሮ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ቅጂ ማድረግ ያዘ።

በመስኮት እያየችው፣ አናጢው ሾፌሩ ያቀበለውን ሻይ ሳይጠጣ ወንበሩ ሥር አስቀመጠው። «ሻይ እንኳ አምኖ አይዝም» አለች በሆዷ። ከዚያ የተቃጠለው ጨርቅ ሽታ ትዝ አላት፤ ከመስኮቱ ራቀች።

በአምስተኛው ቀን ጠጋኙ ተመለሰ። አንድ ሌላ ዘዴ ሞክሮ ነበር፤ አልሆነም። ይህንኑ ለመንገር በስልክ ይበቃው ነበር፤ ግን ሁለቴን ይወደው ስለነበር መጣ። ሳሎኑ ሰው ቀለል ብሎለታል። ልጅቱ ከፔርሙስ ቡና ቀዳችለት።

«ጋሼ መጀመሪያ ሱቄ የመጣ ዕለት ትዝ ይለኛል» አለ። «‹የማይበላሽ ዕቃ ስጠኝ› አለኝ። ‹የማይበላሽ የለም› አልኩት። ፍላሽ አሳየሁት፤ ‹ይኼማ ከጥርስ መፋቂያ ያነሰ ነው፤ ሱሪዬ ጋር ይታጠባል› አለ። ሲዲ አሳየሁት፤ በጥፍሩ ጫር አድርጎ አየውና መለሰልኝ። ‹እንግዲያው ኢንተርኔት ላይ አስቀምጥ፤ ክላውድ ይባላል፤ ደመና ማለት ነው› አልኩት። ‹ሲዘንብስ?› አለኝ።»

ልጅቱ ሳቀች። «ለኔም እንደዚህ ነው ያለኝ።»

«ስንት ዓመት ይኖራል፣ ቢወድቅስ፣ ቢረጥብስ፣ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ከዚያ ወጥቶ ሄዶ፣ ተመልሶ መጥቶ ሁሉንም እንደ አዲስ ጠየቀኝ።»

«እሱ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«በመጨረሻ ከውጭ የሚሰኩ ዲስኮች ገዛ። እኔም፣ ‹ዕቃው ምንም ቢሆን ይበላሻል፤ ቤት ደግሞ ይቃጠላል፣ ይሰረቃል፤ አንዱን ከቤት ውጭ ጠንቃቃ ሰው ዘንድ አስቀምጥ› አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ጠንቃቃ ሰው የሚባል የለም፤ ያለው ገና ያላጠፋ ሰው ነው። እኔ የምፈልገው አንዴ አጥፍቶ የሚያውቅ ሰው ነው። እሱ ነው ዕቃ ሲይዝ እጁ የሚንቀጠቀጠው።› ቀልድ መስሎኝ እኔም ስቄ ተውኩት።»

ልብስ ሰፊዋ የያዘችውን ሲኒ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ደግመህ በለው» አለች።

ጠጋኙ ደገመው። በዚያ ቤት «ድገመው» ስትል የሰማ ሰው አልነበረም፤ ልጅቱ እንኳ ቀና ብላ አየቻት።

ልብስ ሰፊዋ ብርጭቆ አንሥታ ሻይ ቀዳች። ደረጃውን ወረደች። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ወሬውን ቆረጠ፤ ሾፌሩ ብቻ አክስትየዋን ስለ ወገብ ቀበቶ ሲጠይቅ ድምፁ ተሰማና እሱም ተቆረጠ። እስከ በሩ ድረስ ሄዳ አናጢው ፊት ቆመች። አናጢው ተነሣ። ብርጭቆውን ስትሰጠው በሁለት እጁ ተቀበላት፤ እንዲያም ሆኖ ሻዩ ትንሽ ፈሰሰ። እጆቹን አየቻቸው። ይንቀጠቀጣሉ።

«አንተ ዘንድ ነው?» አለች።

አናጢው ምኑን ብሎ አልጠየቀም። «እኔ ዘንድ ነው፣ እትዬ» አለ።

«አምስት ቀን እዚህ ስትቀመጥ ይዘኸው ነው?»

«ካፖርቴ ውስጥ ነው።»

«ታዲያ ምነው አትሰጠኝም?»

«ለቅሶ ቤት ካልሲ ይዤ እንዴት ልቅረብሽ?»

ካልሲ ያለው አልገባትም። ሻዩን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ከካፖርቱ ውስጥ አወጣው። ግራጫ የወንድ ካልሲ ነው፤ ውስጡ አራት ማዕዘን ነገር አለ፤ አፉ በጥንቃቄ ተጠቅልሏል። ልብስ ሰፊዋ ካልሲውን ታውቀዋለች። ተረከዙ ላይ ያለው ስፌት የራሷ ነው። ጥንዱ ከረጢቷ ውስጥ አለ።

«ይኼ እንዴት አንተ ዘንድ መጣ?»

«በዓመት ሁለቴ ሥራ ቦታዬ ይመጣ ነበር» አለ አናጢው። «አዲሱን ሰጥቶኝ አሮጌውን ይወስዳል። እንዳይረጥብ፣ እንዳይጫር ብሎ በካልሲ ነው የሚያመጣው። ሳጥን ሠርቼለት ነበር፤ ሚስማር የሌለው። ‹ይኼ ጥሩ ነው፤ ካልሲውም ይኑር› አለ። አሮጌውን ሲወስድ ግን ካልሲውን አይወስድም። ‹ካልሲውን ተወው፤ ይዤው ከገባሁ ትጠይቀኛለች› ይለኛል።»

ልብስ ሰፊዋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አናጢው ቆሞ ቀረ።

«ውስጡን አይተኸዋል?»

«እኔ?» አለ። «እኔ ከዚያን ጊዜ ወዲህ የሊፍት ቁልፍ እንኳ አልነካም፣ እትዬ። በደረጃ ነው የምወጣው።»

ካልሲውን ጭኗ ላይ አድርጋ ስፌቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ልትነግረው አላሰበችም ነበር። ከአፏ የወጣው እንደ ልኬት ነው፤ ትከሻ ይህን ያህል፣ ወገብ ይህን ያህል እንደምትለው።

«ቤት ያሉትን ሁለቱን ያቃጠልኳቸው እኔ ነኝ። ሰክቼ ትቻቸው ሄድኩ። ሲጠይቀኝ አድርጌያለሁ አልኩት። ዋሽቼው ሞተ።»

አናጢው ለመናገር ሲያመነታ ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሁለቴም እንደዚያው ነበር፤ ረስታው ነበር።

«ያውቅ ነበር» አለ በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«ከመሞቱ አራት ቀን በፊት ልጅሽ አስገብታኝ አይቼዋለሁ። አንቺ የዚያን ሰዓት ልብስ ልትቀይሪለት ቤት ሄደሽ ነበር። ‹ቅዳሜውን አድርጌያለሁ አለችኝ› አለኝ። ‹ሁለቴ አለችኝ። ይቺ ሴት አንድን ነገር ሁለቴ የምትለው ስትዋሽ ብቻ ነው፤ በሠላሳ ዓመት ይኼ ሁለተኛው ነው። በል ያንተን አጥብቀህ ያዝ› አለኝ። ‹ደግሞ እንዳትስቅባት› አለኝ።»

«ሳቅክብኝ?»

«እሱ ነው የሳቀው። እስኪያስለው ድረስ።»

ልብስ ሰፊዋ ቀና አለች። «ቱቦው አፍንጫው ላይ እንዳለ?»

«እንዳለ።»

ሾፌሩ ከሩቅ ሲያያቸው ቆየና አንድ ወንበር አንሥቶ፣ ወገቡንም ረስቶ፣ አምጥቶ አናጢው ጀርባ አስቀመጠው። አናጢው ተቀመጠ።

በሰባተኛው ቀን ለቅሶተኛው ተበተነ። ጠጋኙ ለኮምፒውተሩ አዲስ ዲስክ አስገብቶለት፣ የካልሲውን ዲስክ እስከ መጨረሻው ገልብጦ አምጥቷል። አናጢው ደረጃውን ወጥቶ ሳሎኑ ውስጥ ከበሩ አጠገብ ቆሟል፤ አንድ ትልቅ ፌስታል ይዟል።

ፎቶው ብዙ ነው፤ በየዓመቱ፣ በየወሩ ተከፍሎ ተቀምጧል። ጠጋኙ ሲያወርድ ሲያወርድ «ርክክብ» የሚል ማኅደር አገኘ።

«ይኼ ምንድነው?» አለች ልጅቱ።

አናጢው አፈረ። «ዲስኩን በሰጠኝ ቁጥር ፎቶ አንሣኝ ይለኝ ነበር። ‹መረካከባችን ማስረጃ ይኑረው› ይላል። ‹ቁልፍ አልነካም› ብለው፣ ‹ይኼ አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፤ የሚያጠፋው ነገር የለም፤ ንካው› ይለኛል።»

ጠጋኙ ከፈተው። አሥራ ስድስት ናቸው፤ የመጨረሻው ርክክብ ፎቶ ይኼ ዲስክ ከተሰጠ በኋላ ስለተነሣ እዚህ የለም። የመጀመሪያው ላይ ሁለቴ ጭንቅላት የለውም፤ ደረቱና ካልሲ የያዘ እጁ ብቻ ነው ያለው። ሁለተኛው ተንቀጥቅጧል። በሦስተኛው አንድ ጆሮ ገባ። እየቆየ የአናጢው እጅ ረጋ። በአሥራ ስድስተኛው ላይ ሁለቴ ሙሉ ሰው ሆኖ፣ መላጊያው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ፣ ጸጉሩ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ተሰክቶበት፣ ባለ መስመር ካልሲ እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ካሜራውን ለያዘው ሰው ይስቃል። ጉንጩ ሙሉ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ወንበሯን አስጠጋች። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ጺሙን ሳይላጭ ነው የሄደው» አለች።

ልጅቱ ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ሄደች፤ ቧንቧ ተከፍቶ ሲፈስ ተሰማ። ጠጋኙ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ከረጢቷን ከመኝታ ቤት አመጣች፤ አናጢውም ምን እንዳመጣች ሲያይ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። አሥራ ስድስት ካልሲ። የታጠቡ ናቸው።

«አጠብካቸው?»

«ሰጋቱራ ይዟቸው ነበር።»

ጎን ለጎን ተቀምጠው ያዛምዱ ጀመር። ቡናማው ከቡናማው፣ ባለ መስመሩ ከባለ መስመሩ። አናጢው አንዱን አገላብጦ አይቶ፣ «ይኼ የግራ ነው መሰለኝ» አለ። «ካልሲ ግራና ቀኝ የለውም» አለችው። አንዱን ጥንድ በጨረሰች ቁጥር አንዱን ባንዱ ውስጥ ጠቅልላ፣ ነገ የሚለብሳቸው ይመስል ደረደረቻቸው። አሥራ ስድስት ጥንድ ሆኑ። አንድ ግራጫ ካልሲ ብቻውን ቀረ።

ዲስኩን በጥንዱ እንደተጠቀለለ አንሥታ ወደ አናጢው ገፋችው።

«እትዬ፣ ሌላ ሰው ብትፈልጊ ይሻላል» አለ። «እኔ እኮ ያው...»

«አጥፍቶ የሚያውቅ ነው የተባለው። የቤቱን እኔ እይዛለሁ። ከቤት ውጭ ያለኸው አንተ ነህ።»

አናጢው በሁለት እጁ ተቀብሎ ካፖርቱ ውስጥ ከተተው፤ ከላይ ሁለቴ መታ መታ አደረገው።

«መቼ ላምጣው?»

«በስድስት ወር።»

«ካልሲውንስ?»

ብቻውን የቀረውን ግራጫ ካልሲ አነሣች። ካውያ ከማስነካቷ በፊት ጨርቅን እንደምታደርገው፣ በመዳፏ ከአፉ እስከ ተረከዙ ዳስሳ አቃናችውና ከሰልፉ መጨረሻ አስተኛችው።

«ካልሲውን ተወው» አለች። «ይዘኸው ከመጣህ እጠይቅሃለሁ።»